ለእግረኛ ሲባል ስንት ቤት ይፍረስ?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማት በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳም አራት ኪሎም ካዛንቺስም መልካቸው ተቀይሯል። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ። ቤቱም ፈረሰ። ሁለት ነዋሪዎች በዚህ ተከራክረዋል። አንዷ «ይፍረስ» ትላለች፤ ሌላው «ቆይ እስቲ» ይላሉ።

ይፍረስ ባይ፦ ጋሼ፣ እናቴን ይዤ ሐኪም ቤት ስሄድ የነበረውን ልንገርዎ። አጥሩ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥቷል። በቀረችው ጠባብ መሬት ላይ ደግሞ ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ አፉን ከፍቷል። ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው። ምን እናድርግ? አስፋልት ላይ ወጣን። ከኋላ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ረዳቱ «እናት፣ ጠጋ በሉ!» ይላል። ወዴት ይጠጉ? በዚህ ከተማ መኪና ገጭቶ ከሚገድላቸው አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለመኪና ሲባል ቤት ሲፈርስ ኖሯል። ለእግረኛ ሲሆን ነው እንዴ ነውር የሆነው?

ቆይ እስቲ ባይ፦ ልጄ፣ ለእናትሽ መንገድ ይሠራ። እኔም ጉልበቴን ካመመኝ ቆየሁ፤ ሰፊ መንገድ አልጠላም። ግን አጥር ወደ ኋላ ማስገባትና ሰፈር መጥረግ ለየቅል ናቸው። ለእግረኛ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግን ከነጓሮው ሄደ። ያ የመሬት ጉዳይ እንጂ የእግረኛ ጉዳይ አይደለም። ሕጉንም ካነሳን፣ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው ከመልቀቁ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አወያዩት ይላል። አንድ ዓመት! ጎረቤቴ ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ያየ በሳምንቱ ቆርቆሮውን ራሱ እየነቀለ ነበር።

ይፍረስ ባይ፦ በጊዜው ማጠር አልከራከርዎትም። ግን የፈረሱትስ ምን ዓይነት ቤቶች ነበሩ? ጣሪያው የሚያፈስ፣ ጭቃው የረገፈ፣ ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ያለው የቀበሌ ቤት።

ቆይ እስቲ ባይ፦ ማን አበሰበሰው? በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ አከራዩ ቀበሌ ሆነ። ኪራዩ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም፤ ስለዚህ ቀበሌው አያድስም። ተከራዩ ልጠግን ሲል ደግሞ ፈቃድ አጥቶ ይመለሳል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ «በስብሷል» ተብሎ ይፈርሳል። ሰውየው ተከራይ ነውና ለቤቱ ካሳ የለውም፤ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል። ከካዛንቺስ ተነስተው ከተማው ዳር ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ቤቱ ከበፊቱ ይሻላል፣ አልዋሽም። ነገር ግን በር ላይ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠው ሴትዮ ደንበኞቿ ካዛንቺስ ቀርተዋል። እድሩስ? ድንኳኑ በአይሱዙ ይጫናል፤ ሰዉ አራት ቦታ ከተበተነ ማን ይተክለዋል?

ይፍረስ ባይ፦ እድሩ ያሳዝናል። ቀለበት መንገድን ግን ያስቡት። ስንሠራው እግረኛውን ረሳነው። መሃሉን አጥረን «በድልድይ ተሻገር» አልነው። ዛሬም ሰው ከነዘንቢሉ አጥሩን ይዘላል።

ቆይ እስቲ ባይ፦ እሱን ነው የምልሽ! እግረኛውን መኪና የሚገጨው ብዙውን ጊዜ ሲሻገር ነው። ዳሩ ሰፋ፣ ተነጠፈ፣ አበባ ተተከለበት፤ አስፋልቱም አብሮ ለሰለሰና መኪናው ይበራል። ዜብራ ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ ስለምን ነው የምውለው። የፍጥነት መቀነሻና የዜብራ ቀለም የማንንም ቤት አያስፈርስም። ከዚያ ቢጀመር ምን ነበረበት?

ይፍረስ ባይ፦ ሁለቱም ይሠራ እንጂ። ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ባለመስመር ንጣፍ አይተዋል? ባለፈው አንድ ወጣት በዱላው መስመሩን እየተከተለ ሲሄድ አየሁ። እጁን የያዘው ሰው የለም። ዱሮ እዚያው ቦታ ቱቦ ውስጥ ይገባ ነበር።

ቆይ እስቲ ባይ፦ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ነገ ጠዋት የእናትሽ ግድግዳ ላይ ያ ቀይ ቀለም ቢቀባ በስንት ቀን ትለቂያለሽ?

ይፍረስ ባይ፦ እኛ ኮንዶሚኒየም ነን፣ ጋሼ። አራተኛ ፎቅ።

ቆይ እስቲ ባይ፦ ጠርጥሬ ነበር።