ስድስት ወር መሙላቱ ለሜዳ አያበቃም

የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ተጫዋች ወደ ልምምድ ሲመለስ አሠልጣኙም ጓደኞቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት “ስንት ወር ሆነህ?” ብለው ነው። “ስድስት ሞላኝ” ካለ ማልያ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ቁስሉ መዳኑን አይቷል፤ አሠልጣኙ ሲሮጥ አይቷል። የተጎዳው እግር ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ የለካ ግን የለም። ጉልበቱ ዳግም እንዲጎዳ በር የሚከፍተው ይህ ልማድ ነውና መቆም አለበት።

ኤሲኤል የሚባለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት እንዳይጠማዘዝ ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ ጫፎቹን አገናኝቶ መስፋት አብዛኛውን ጊዜ ስለማያዋጣ ሐኪሙ ከታካሚው ከራሱ ሌላ ጅማት ወስዶ ይተካዋል። ከቋንጃ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት መካከለኛውን ሲሶ፣ ወይም ከሎሚው በላይ ካለው ሊወስድ ይችላል። ከዚያ የጭኑንና የቅልጥሙን አጥንት በስቶ ተተኪውን ጅማት ያሳልፋል፤ በብሎን ወይም በትንሽ የብረት ቁልፍ ያስረዋል።

በገባበት ቀን ተተኪው ጅማት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የደም አቅርቦቱ ተቋርጧል። ሰውነት አዲስ የደም ሥር እያስገባ፣ አሮጌውን ሕዋስ እያፈረሰ መልሶ ይገነባዋል። በዚህ መሀል ጅማቱ በጣም የሚደክመው በግምት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ታካሚው ክራንቹን የጣለው፣ ሕመሙ የቀለለለትና “አሁንስ ድኛለሁ” የሚለውም ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። አለመታመም የጅማቱን ጥንካሬ አያሳይም። ግንባታው ደግሞ ከዓመት በላይ ይቀጥላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ፣ በኦስሎና በአሜሪካ ደላዌር 106 ታካሚዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበት ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በ51 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የጥንካሬና የዝላይ መመዘኛውን ሳያልፉ ከተመለሱት 38.2 በመቶው ዳግም ሲጎዱ፣ ካለፉት መካከል የተጎዱት 5.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጊዜውም ፈተናውም አስፈላጊ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሊቨርፑሉ ቨርጂል ቫን ዳይክ ጉልበቱን የተጎዳው ኦክቶበር 17 ቀን 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ነበር። በቀጣዩ ሰኔ የአውሮፓ ዋንጫ ሲደርስ ሰባት ወር አልፎት ነበር፤ የኔዘርላንድስ አምበል ሆኖ ሳለ ግን ራሱን ከውድድሩ አገለለ። በሊግ ጨዋታ የተመለሰው ኦገስት 14 ቀን 2021 ከኖርዊች ጋር ነው፤ አሥር ወር ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ቀን ከሌት የሚከታተሉት ባለሙያዎች ያሉት ተጫዋች ይህን ያህል ከታገሠ፣ በሳምንት አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒ የሚሄድ ሰው በስድስት ወር የሚቸኩልበት ምክንያት የለም።

ሥራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀምራል። ጉልበቱ አብጦና ሳይዘረጋ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ደርቆ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። እብጠቱ እስኪቀንስ፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋና የፊት ጭን ጡንቻ እስኪታዘዝ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ፣ በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ልም አጥንት (ሜኒስከስ) ተቀዶ ጉልበቱን እንደመቆለፍ ያለ አጣዳፊ ነገር ከሌለ በቀር፣ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም። የሁለቱም እግሮች ጥንካሬ በዚያን ጊዜ ተለክቶ ይጻፍ፤ ለምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ገንዘቡም አስቀድሞ ይታሰብ። ያለውን ሁሉ ለቀዶ ሕክምናው ከፍሎ ለፊዚዮቴራፒ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው ሕክምናውን ጀምሮ አልጨረሰም። ለዘጠኝ ወር ክትትል የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል።

ሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም። በስዊድን 121 ወጣቶች በተሳተፉበት ጥናት በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቀርተዋል። ኳስ የማይጫወት፣ ጉልበቱም በእርምጃ መሀል የማይከዳው ሰው ይህን ምርጫ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዋና ጉዳይ ጉልበቱን መዘርጋት ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለመታጠፉ ነው፤ ቤተሰብም “አጠፍከው?” እያለ ይጠይቃል። መታጠፍ ዘግይቶም ይመጣል። ያልተዘረጋ ጉልበት ግን በፍጥነት ይደርቃል፤ ከፊት ለፊቱ ጠባሳ ቋጥሮ መንገዱን ሊዘጋና ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። አምስት ዲግሪ እንኳ ሲጎድል ሰው ያነክሳል፣ የፊት ጭን ጡንቻውም አይነቃም። ለዚህ ትልቁ ጠላት በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው፦ ከጉልበት ሥር የሚገባው ትራስ። ይመቻል፤ ግን ጉልበቱን አጥፎ ያስቀረዋል። ትራሱ መግባት ያለበት ከተረከዝ ሥር ነው፤ ጉልበቱ አየር ላይ ሆኖ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዘርጋ፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ። በዚያው አቀማመጥ የፊት ጭንን አጥብቆ ለ5 ሰከንድ መያዝና መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በነቃ ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ። ሎሚው ወደ ጭን ሲሳብ ካልታየ ጡንቻው ገና አልነቃም።

ጡንቻው የሚያንቀላፋው ታካሚው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በጉልበት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወደ ጡንቻው የሚሄደውን የነርቭ ትእዛዝ ያፍናል። ስለዚህ እብጠትን መቀነስ ራሱ ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው፦ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በእግር መሄድን መመጠን። የኤሌክትሪክ ማነቃቂያም በዚህ ጊዜ ይረዳል።

ክራንች የሚጣለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ እግር ቀጥ ብሎ ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ሳይታጠፍ ሲቀር፣ ሳያነክሱ መራመድ ሲቻል። ለብዙዎች ይህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። እያነከሱ ያለ ክራንች መሄድ ብርታት አይደለም፤ ማንከስ ልማድ ሆኖ ይቀራል። መታጠፉ በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ 90 ዲግሪ፣ በ6ኛው ሳምንት 120 ዲግሪ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። ሜኒስከስ የተሰፋለት ሰው ግን በሌላ ሕግ ይሄዳል፤ ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ፣ አንዳንዴም ሙሉ ክብደት እንዳይጥል ይከለከላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ ምን እንደተሠራ፣ ጅማቱ ከየት እንደተወሰደ፣ ሜኒስከሱ ተሰፍቶ እንደሆነ የሚገልጸውን ጽሑፍ መያዝ ግዴታ ነው። በተለይ ውጭ አገር ታክመው የሚመለሱ ሰዎች ያለዚያ ወረቀት ከመጡ እዚህ ያለው ፊዚዮቴራፒስት በግምት ለመሥራት ይገደዳል።

ወጌሻ ጋ መሄድ በዚህ ጉዳይ አይሆንም። አሽቶና ጎትቶ በግድ ማጠፍ ተተኪውን ጅማት ሊያላላ፣ የተሰፋውን ሜኒስከስ ሊቀድ ይችላል። ባት አብጦና ሲነካ እያመመ ከታሸ ደግሞ በውስጡ ያለ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የባት ሕመምና እብጠት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም በየሰዓቱ የሚጨምር ሕመም ሲኖር ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ከውጭ የተተረጎሙ የልምምድ ወረቀቶች ስለ ቤታችን የሚሉት ነገር የለም። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ደረጃ ሲወጣ ጤነኛውን እግር ያስቀድም፤ ሲወርድ ክራንቹንና የታከመውን እግር ያስቀድም። ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ወራት መካከሉ የተቆረጠ ወንበር ያስፈልጋል። በርጩማ ይቅር፤ ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። መንበርከክና ተረከዝ ላይ መቀመጥ ዘግይተው ከሚመለሱት ነገሮች መካከል ናቸው፤ ጅማቱ ከሎሚው በታች የተወሰደ ከሆነ ደግሞ መንበርከክ ለረጅም ጊዜ ሊያም ይችላል። ስግደትም ሶላትም እስከዚያ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ ቢደረግ የሃይማኖት አባቶች የሚቃወሙት አይመስለንም፤ መጠየቅ ነው።

ምግብም አለ። ጡንቻ ለመመለስ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ ይሰጣል። በጾም ወራት 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ አለው፤ ቀጭን ሽሮ ብቻ እየበሉ ግን ቁጥሩ አይሞላም። ቀጠሮ ሲያዝ ከዐቢይ ጾም ጋር እንዳይገጥም ማሰብ፣ ከገጠመም የንስሐ አባትን ማማከር ይጠቅማል።

ከአንድ ወር እስከ አራት ወር ያለው ጊዜ ብዙ ሰው የሚባክንበት ነው። ታካሚው አልጋ ላይ ተኝቶ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ይደረግለታል፣ በላስቲክ እግሩን 30 ጊዜ ያነሣል፣ ይሄዳል። ይህ በሦስተኛው ወር ሕክምና አይባልም። ጡንቻ የሚመለሰው በክብደት ነው። ጉልበቱ 110 ዲግሪ ያህል ከታጠፈ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይጀመራል። ከዚያ ግማሽ ቁጢጥ፣ በእግር ክብደት መግፋት፣ ደረጃ ላይ መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ ተረከዝ ማንሣት። በሳምንት 3 ቀን፣ እያንዳንዱን ከ3 እስከ 4 ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መክበድ አለባቸው። ጂም ከሌለ በጀርባ ቦርሳ የተያዘ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሃ 5 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ 10። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅልጥምን በክብደት ማንሣት ከአንድ ወር በኋላ ከ90 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ክልል ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ በባለሙያ ቁጥጥር ይሁን እንጂ ጨርሶ መከልከሉ የፊት ጭንን ደካማ ያስቀራል። ጅማቱ ከቋንጃ የተወሰደበት ሰው ተረከዙን በክብደት ወደ መቀመጫ ማጠፍን እስከ 8ኛ ወይም 12ኛ ሳምንት ያቆይ።

መጠኑ መብዛቱን የሚናገረው ጉልበቱ ራሱ ነው። በየጠዋቱ በልብስ ሰፊ ሜትር የሎሚውን መሀል ዙሪያ መለካት ይበቃል፤ ከልምምድ ማግስት አንድ ሴንቲሜትር ከጨመረ ያ ቀን ዕረፍት ነው፣ ቀጣዩም ልምምድ ይቀንሳል።

ሩጫ ከ12ኛው ሳምንት በፊት አይታሰብም፤ ለብዙዎች 16ኛው ይሻላል። እብጠት የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ፣ የፊት ጭኑ ከጤነኛው 70 በመቶ የደረሰ ጉልበት ያስፈልጋል። አጀማመሩ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ነው፤ ቀን እየዘለሉ፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ። ኮብልስቶን ላይ አይሆንም። ዝላይ በሁለት እግር ይቀድማል፣ በአንድ እግር ይከተላል፤ በሩጫ መሀል አቅጣጫ መቀየር ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ውድ መሣሪያ ከሌለ በጂም የሚገኘው ቅልጥም ማንሻ ማሽን ይበቃል። ጤነኛው እግር 40 ኪሎ፣ የታከመው 30 ኪሎ ካነሣ 75 በመቶ ነው፤ አልደረሰም። ቢያንስ 90 በመቶ፣ ማለትም 36 ኪሎ ይፈለጋል። በአንድ እግር ርዝመት መዝለል ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ጤነኛው 150 ሴንቲሜትር ከዘለለ የታከመው 135 ይድረስ፣ ሲያርፍም ጉልበቱ ወደ ውስጥ አይጥለፍ። ዝላይ ብቻውን ያታልላል፤ ዳሌና ቁርጭምጭሚት የጭኑን ድክመት ይሸፍናሉ። ጤነኛው እግር ራሱ በወራት ዕረፍት ስለሚደክም ንጽጽሩም ሊያታልል ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጻፍ ያልነው ቁጥር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት 23 በመቶ ያህሉ ያንኑ ወይም የሌላውን እግር ጅማት ይበጥሳሉ። ስለዚህ ልጅ እግር ተጫዋች ይበልጥ ይጠበቅ እንጂ “ወጣት ነው፣ ቶሎ ይድናል” አይባል። በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ለመጫወት የሚያስቡ፣ ቀደም ሲል ጉልበታቸው የታከመ ወንድሞችም ይህንን ፈተና በኤፕሪል ይውሰዱ። ያልደረሰው ዘንድሮ ይለፈው።

ክለቦች ማድረግ ያለባቸው ግልጽ ነው። የተጎዳ ተጫዋች ውል ቢያንስ ለ12 ወር ደመወዙንና ፊዚዮቴራፒውን ይሸፍን፤ ደመወዙ የሚቋረጥበት ሰው ሳይድን ድኛለሁ ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ፊፋ ያዘጋጀው 20 ደቂቃ የሚፈጅ “11 ፕላስ” የተባለው ማሟሟቂያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራ፤ ኳስና ኮን እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። የመመለሻ ፈቃዱም አንድ ገጽ ወረቀት ይሁን፦ የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የሁለቱም እግሮች ኪሎ፣ የዝላዩ ርዝመት፣ የእብጠቱ ልክ፣ የለካው ባለሙያ ስምና ፊርማ። ቁጥሩ ያልተሞላበትን ወረቀት አሠልጣኙ አይቀበል።