በተኑ ለምን እንደተዘጋ ማን ይንገራት?

ዛሬ ስለ ቱልቲፕ ካላወራሁ ልፈነዳ ነው።

ማውሱን በተን (ስክሪን ላይ የሚጫን ቁልፍ) ላይ ስታሳርፉት ብቅ የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች አይደል? እሷን ነው የምላችሁ። ዴስክቶፕ ፕሮግራም ሠርቶ ለማያውቅ ሰው «ጽሑፏን ቀይራት» ማለት የሁለት ደቂቃ ሥራ ይመስለዋል። አልፈርድበትም። ዊንዶውስ ፎርምስ በሚባለው የማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ላይ ኮዱ በእርግጥ አንድ መስመር ነው። ሴት ቱልቲፕ ትላላችሁ፣ የበተኑን ስምና አዲሱን ጽሑፍ ትሰጡታላችሁ፣ አለቀ።

የት አባቱ ያልቃል!

የምሠራው የሽያጭ ፕሮግራም ነው። ዕቃው ስቶክ ውስጥ ከሌለ «ሽጥ» የሚለው በተን ዲሴብልድ ይሆናል፣ ማለትም ይደበዝዝና አይጫንም። ካሸሯ ግራ እንዳይገባት ቱልቲፑ «ዕቃው አልቋል» ይበል ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ኮዱን ጻፍኩ። ዲበገር (ኮዱ ሲሠራ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ሳየው ጽሑፉ ተቀይሯል። ስክሪኑ ላይ ግን ጭጭ! ለምን ቢባል፣ ዲሴብልድ ለሆነ በተን ዊንዶውስ የማውስ መልእክት አይልክለትም። መልእክቱ እሱን አልፎ፣ በተኑ ወደተቀመጠበት ፎርም (መስኮቱ) ይሄዳል። ማውሱ እላዩ ላይ መቆሙን ያልሰማ በተን ቱልቲፕ ከየት ያምጣ?

እስቲ አስቡት። በተኑ ሲሠራማ ማን ማብራሪያ ይፈልጋል? «ሽጥ» ይላል፣ ትጫኑታላችሁ፣ ይሸጣል። ማብራሪያ የሚያስፈልገው እንቢ ሲል ነው። ይሄ እኮ ቢሮው ክፍት ሲሆን «ግቡ፣ ክፍት ነው» እያለ ሲለፈልፍ ውሎ፣ ሲዘጋ ግን «ለምን ተዘጋ?» ብትሉት ፊቱን የሚያዞርባችሁ ዘበኛ ነው። ካሸሯ ታዲያ ምን ታድርግ? ትደውልልኛለች። «ወንድሜ፣ በተኑ ደርቋል፤ ቫይረስ ገባበት እንዴ?»

መፍትሔማ አለው። በተኑን ፓነል (ሌሎች ነገሮችን የሚይዝ ሳጥን) ውስጥ ትከቱትና ቱልቲፑን ለፓነሉም ትሰጡታላችሁ። በተኑ ሲዘጋ መልእክቱ ወደ ፓነሉ ስለሚያልፍ ጽሑፉ ይወጣል። ሁለት ቃል ለማሳየት ለበተን ቤት መሥራት! ደብልዩ ፒ ኤፍ በሚባለው ሌላ የማይክሮሶፍት መሥሪያ ላይ ሾው ኦን ዲሴብልድ የምትባል ነገር አለች፤ ትሩ (አዎ) ካላችኋት ችግሩ የለም። ማለትም ችግሩን አውቀውታል። ያም ሆኖ ካልነካችኋት ዲፎልቷ ፎልስ (አይ) ነው። ይሄን ማን እንደወሰነው ባገኘው ደስ ይለኛል።

ደግሞ ጽሑፏ ስክሪን ላይ የምትቆይበት ሰዓት። ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ዲፎልቱ 5000 ሚሊሰከንድ ነው፣ አምስት ሰከንድ። ካሸሯ አንድ ዓይኗ ደንበኛው ላይ ነው፣ ሌላው ብሩ ላይ። ጽሑፉን ማንበብ ስትጀምር እልም ይልባታል። ማራዘም ይቻላል፣ ግን ጣሪያው 32767 ሚሊሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ በ16 ቢት ስለሚያዝ ከዚያ አያልፍም።

ቱልቲፕ የሚሰጥበት ስምም አንድ አይደለም። ቱልባር ላይ ያለ በተን ሴት ቱልቲፕን አይቀበልም፤ ቱልቲፕ ቴክስት የሚባል የራሱ አለው። ታብ ፔጅም (በትር የሚከፈት ገጽ) የራሱ ቱልቲፕ ቴክስት አለው፣ ግን ገጾቹን የያዘው ታብ ኮንትሮል ላይ ሾው ቱልቲፕስን ትሩ ካላላችሁ ጽሑፉን ቀን ከሌት ብትቀያይሩት አይታይም። ትሪ ቪው (የዛፍ ዝርዝር) ላይ ያው ነገር ሾው ኖድ ቱልቲፕስ ይባላል፣ ሊስት ቪው (ዝርዝር) ላይ ሾው አይተም ቱልቲፕስ፣ ዳታ ግሪድ ቪው (ሠንጠረዥ) ላይ ሾው ሴል ቱልቲፕስ። ኧረ በፈጠራችሁ፣ አንድ ስም ላይ መስማማት ይህን ያህል ያቅታል?

ከእኔ በፊት ኮዱን የጻፈው ሰው ደግሞ፣ ፈጣሪ ይይለት፣ ጽሑፍ በቀየረ ቁጥር ኒው ቱልቲፕ እያለ አዲስ ይፈጥራል። አሮጌው እዚያው አለ። ስለዚህ ማውሱ አንዱ በተን ላይ ሲያርፍ «አስቀምጥ» እና «ተቀምጧል» ተደራርበው ይወጣሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ እንግዲህ ካሸሯ ትገምት።

ድሮ የነበረው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም መሥሪያ ቪቢ 6 ይሻል ነበር የሚሉኝም አሉ። በተኑ ላይ አማርኛ ቱልቲፕ ስትጽፉበት ጥያቄ ምልክት ይደረድርላችኋል፣ በተኖቹና መሰሎቻቸው ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት የሚይዘው አሠራር) አያውቁማ። ቢያንስ እሱ እንደማይችል በግልጽ ይናገራል።

በቃኝ። ከበተኑ ሥር ቀይ ሌብል (ሁልጊዜ የሚታይ ጽሑፍ) አስቀመጥኩ፤ «ዕቃው አልቋል» ይላል። ማውስ አይፈልግ፣ ሰከንድ አይቆጥር። ካሸሯም መደወል አቁማለች። ማናጀሩ ግን ሌብሉ ቦታ ይይዛል እያለ ያጉረመርማል። ይያዝ።