ሐረጎን የምታስወርደን ዘፈን የማን ናት?

እኔ የምለው፣ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ የሚጭን ሰው የዘፋኙን ስም ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? አይከፈልበት፣ ቀረጥ የለው። «ልብ የሚነካ የድሮ ሙዚቃ እንዳያመልጣችሁ!!!» ብሎ ያንን ሁሉ ቃለ አጋኖ ለመደርደር ጣቱ ያልሰነፈ ሰውዬ ስም ላይ ሲደርስ ምን ያዘው? ከስንት ዘመን በኋላ የጉርምስናዬን ዘፈን አግኝቼ ደስታዬን በወጉ ሳላጣጥም አንጀቴን አሳረረኝ።

ዘፈኗን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ታውቋታላችሁ። በ80ዎቹ መጨረሻ በታክሲ ሐረጎን፣ ያንን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ የወረደ ሁሉ ያውቃታል። በኦርጋን ትጀምርና ሳክስፎን ይገባል፣ ከዛ ሴትየዋ በሎንቺና ረዳት እጅ የላከችው ደብዳቤ ይድረስ አይድረስ ግራ ገብቷት ታንጎራጉራለች፣ ቅኝቷ ባቲ ነው፣ ምቱ ግን የጭፈራ፣ እያዘንክም ትከሻህ አያርፍም። ሾፌሩ ከደሴ መናኸሪያ ስንወጣ ሌላ ሌላውን ሲያጫውት ይቆይና ቁልቁለቱ ሲጀምር ካሴቱን ገልብጦ እሷን ያመጣታል፣ ስታልቅ ወደኋላ አጠንጥኖ ይደግማታል፣ በየኩርባው አንዳችን ባንዳችን ላይ እየተጋደምን፣ ረዳቱ ሂሳብ መቀበሉን ትቶ አብሯት እየዘፈነ፣ ላይ ጉም ውስጥ ተጠቅልለን የተሳፈርን ሰዎች ታች የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለን ሹራብ እያወለቅን... በቃ እንደዛ ነበር የምንወርደው።

ከዛ አገር ለቀቅኩ፣ ወረቀት ፍለጋ፣ ሥራ፣ ልጅ፣ ምናምን፣ ረሳኋት። ባለፈው የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ፍራንክፈርት ባቡር ውስጥ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ዩቲዩብ ከፍቼ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየቀጠለ ሳለ ድንገት መጣች።

የሚገርማችሁ መጀመሪያ አላወቅኳትም። ቃሉ ያው፣ ዜማው ያው፣ ሴትየዋ ግን ሌላ ሰው። ድምጿ የቀጠነ፣ የምትሮጥ፣ የሆነች የተማሪ ቤት ልጅ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የዛን ጊዜ የታክሲው ቴፕ ሞተሩ የደከመ፣ ካሴቱም የቅጂ ቅጂ ስለነበር እየጎተተ ነበር የሚያጫውተው፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ረጋ ብላ የምትዘፍን ድምፀ ወፍራም ሴት አድርጌ ነው የያዝኳት። ፍጥነቱንም የድምፁን ቅጥነትም አብሮ ዝቅ የሚያደርግ አፕ ውስጥ አስገባኋትና 0.75 ላይ አደረግኳት። ወላሂ ሐረጎ! ረዳቱ ብቻ ነው የቀረው። ባቡር ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ፣ ትኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ ቲኬቴን አይቶ ፊቴን ሳያይ ሄደ፣ እግዜር ይስጠው። ለዘፋኟ ይቅርታ ይደረግልኝና ትክክለኛዋን ቀጭኗን ሳይሆን ያቺን ወፍራሟን ነው የምወዳት።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። ቻናሉ ያስቀመጠው ፎቶ የእሷ አይደለም። የሆነች የዘመኑ ልጅ ናት፣ ቬሎ ለብሳ። የ80ዎቹ ዘፈን ላይ! ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል፣ ልክ በዛች ሰከንድ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ የቻናሉን ስም ይጠራና «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ» ይላል። ሳክስፎኑ ከሥር ሲያለቅስ ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛው ግጥም የለም፣ ተቆርጧል፣ ለምን እንደተቆረጠ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ከቪዲዮው ሥር የጻፈው ነው፣ «ይህን ሥራ ያለ ቻናላችን ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል»። አቦ! የማንን ሥራ ነው? አንተ ራስህ ከየት አመጣኸው? የሰው በግ ሰርቆ ጆሮው ላይ የራሱን ምልክት የሚበሳ ሌባ ነው እኮ የሆነብኝ።

ስሟን ባላጣ ኖሮ ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ራዲዮ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም፣ ፈረንጆቹ የራሳቸውን 80ዎቹን ነው የሚያላምጡት። ሸምገል ያለ ጀርመናዊ ባልደረባ አለኝ፣ አንድ ተራ ዘፈን፣ እመኑኝ አንድም ወዝ የሌለው፣ ራዲዮው ላይ ሲመጣ ማን እንደዘፈነው፣ በስንት ዓመተ ምህረት እንደወጣ፣ ከበሮውን ሰው ሳይሆን ማሽን እንደመታው፣ ባንዱ በምን ተጣልቶ እንደፈረሰ ይተነትንልሃል። ጉራ ነው እንዳትል ስልኩን አውጥቶ ያሳይሃል፣ የሸክላው ቁጥር ሳይቀር ተመዝግቧል። እኔም ሆዬ ደረቴን ነፋ አድርጌ የኛን ስማ ብዬ ከፈትኩለት። ወደዳት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ ቡናውን አስቀምጦ፣ «ማን ናት?» አለኝ።

እህ።

ሻዛም አወጣ፣ ስልኩን ወደ ስልኬ አስጠግቶ ቆየ፣ ቢለው ቢለው የለም። ያንን ወዝ የለሽ ዘፈን ግን መጋዘን ሙሉ ጫጫታ እያለ በሦስት አራት ሰከንድ ነበር የለየው። «ታዲያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችሁን ለምን አትጠይቅም?» አለኝ። ተንኮል አይደለም፣ ከልቡ ነው። ለሱ እንደዛ ነዋ። ላይፕዚግ ውስጥ የጀርመን የሙዚቃ ቤተ መዝገብ የሚባል አላቸው፣ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው ክፍል ነው፣ በፈረንጅ 2010 ከበርሊን ወደዛ ያዛወሩት፣ አገሩ ውስጥ ሙዚቃ አሳትሞ የሚያወጣ ሰው በሕግ 2 ቅጂ ማስገባት አለበት። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ የሚመርጥ የለም። የሰከረ ሰው ቢራ ቤት ውስጥ የሚጮኸው ዘፈን ሳይቀር 2 ቅጂው ገብቶ፣ ስሙ ተጽፎ፣ ተራ ቁጥር ይዞ በክብር ተኝቷል።

ክፍያው ላይማ ቀልድ አያውቁም። ጌማ የሚባል የሙዚቃ ደራሲዎች ማህበር አላቸው፣ ምግብ ቤት ሙዚቃ ካጫወተ ይከፍላል፣ መንገድ ላይ ፌስታ ካለ ይከፈላል፣ ደራሲው ቢሞት መብቱ 70 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ከ2009 እስከ 2016 በነሱ አቆጣጠር ጌማና ዩቲዩብ በክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው እዚህ ያለን ሰዎች የአሜሪካ ዘፈን ስንከፍት «ይህ ቪዲዮ በአገርዎ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ከአንድ የተኮሳተረ ቀይ ፊት ጋር ይመጣብን ነበር። የኛ ዘፈን ግን አንድ ቀን ተዘግቶብኝ አያውቅም። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ ለካ የማይዘጋው ጠያቂ ስለሌለው ነው።

ሕግ የለንም እንዳትሉኝ፣ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው ሲወጣ የደራሲው ስም ይጠቀስ የሚለውም እዛው ውስጥ አለ። ስሙም ቢሆን ድሮ ይጻፍ ነበር እኮ፣ የኦሪጂናል ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ ተብሎ ተዘርዝሯል። ችግሩ እኛ ሰፈር ኦሪጂናል ማን ገዝቶ። ባዶ ቲዲኬ ካሴት ይዘን ፒያሳ ሙዚቃ ቤት እንሄዳለን፣ ባለቤቱ ደብተር ይሰጠናል፣ ዘፈኖቹ በቁጥር ተዘርዝረዋል፣ 14፣ 37፣ 52 እያልን ወረቀት ላይ ጽፈን እንሰጣለን፣ በማግስቱ ተቀድቶ ይጠብቀናል። ካሴቱ ላይ በቢክ እስክሪብቶ «ምርጥ ስብስብ» ይላል፣ አለቀ። ሽፋን የለ ስም የለ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በኛ አገር ስም ይጠራሉ፣ ትዝታንም የወሎ ነው የሚለው ብዙ ነው፣ ዜማው ላይ የቦታችንን ስም ለዘላለም ተክለን የዘፈነችውን ሴት ስም እስክሪብቶ ነፍገናት ቀረን።

ፈረንጅ ሲያገኘው ብቻ ነው የሚጻፈው መሰለኝ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በፈረንጅ 1985 በአኮርዲዮን ያሳተመውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ከተማ አገኘውና 2013 ላይ እንደገና ታተመ፣ ሰውየው ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የዓለም መድረክ ላይ ወጣ። እሰይ፣ ደስ ይላል። ግን እሱ ካሴቱ ስም ነበረው። የኔዋን ፈረንጅ ቢያገኛትስ በምን አድራሻ ይፈልጋታል?

እሺ ብዬ ደሴ ለእታለም ደወልኩ፣ ታላቄ ናት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ቡና እያፈላች ነበር፣ ጎረቤቱም ተሰብስቧል። ዘፈኗን ከፈትኩላቸው። ኦርጋኑ ገና ሁለት ጊዜ ሳይደግም እታለም ረከቦቱን ትታ «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ጀመረች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ አንዷ እጣን እያጨሰች ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ ከውጭ የሆነ ልጅ ገብቶ ምን ተፈጠረ ይላል። እዛ ጎርናና ሰውዬ «ሰብስክራይብ» ሲል በአንድ ድምፅ «ዝም በል!» አሉት፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ዘፈኑ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ እነሱ ግን አላቆሙም፣ ሁለተኛውን ግጥም በቃላቸው ዘፍነው ጨረሱት። ረዳቱ ደብዳቤውን ከፍቶ አንብቦ ራሱ የወደዳት ኖሯል ለካ! ይሄን ረስቼው ነበር። እኔም ፍራንክፈርት ቤቴ ውስጥ ስጮህ ሰዓቱ ለካ ከምሽቱ 4 አልፏል፣ እዚህ ከ4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ማሰማት ነውር ብቻ አይደለም፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ ከታች ያለችው ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደበድብ ጀመር። የዚህ አገር ሰው ከበሮውን የመታውን ማሽን ያውቃል፣ አብሮ የሚዘፍንለት ሰው ግን የለውም፣ ባልደረባዬ ያንን ሁሉ እውቀቱን ይዞ ማታ ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው።

ማን ናት ታዲያ? ስል ጦርነት ተነሳ። አንዷ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር አለች። ሌላዋ ኧረ የባቲ ናት፣ ዘመዶቿን አውቃቸዋለሁ ብላ ማለች። እጣን የምታጨሰው ጅዳ ሄዳ እዛው ቀረች አለች። እታለም ሞታለች ነው የምትለው፣ መቼ? ስላት አታውቅም፣ ማን ነገረሽ? ስላት «እንዲያው ሞታለች መሰለኝ» አለች። ሰው እንዴት እንዲያው ይገደላል? ስም የጠራ ግን የለም። ሁሉም «እቺ እንኳን... ምን ነበር...» ብለው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቀረ።

ለቻናሉም ጽፌለት ነበር፣ በትህትና፣ «ወንድሜ ስሟን ካወቅክ እባክህ» ብዬ። «ውድ ቤተሰባችን እናመሰግናለን፣ የደወሏን ምልክት ይጫኑ» የሚል መለሰልኝ። ደወሏን አልተጫንኩም።

እታለም ግን እልህ ይዟት ስትጠይቅ ሰንብታ ድሮ ኮምቦልቻ ሙዚቃ ቤት የነበራቸውን ሰውዬ አገኘቻቸው፣ አሁን የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር ነው የሚሸጡት። በስልክ አገናኘችን። ጋሼ ዘፈኗን ሲሰሙ ሳቁ፣ ስንቱን እሷን ቀድቼ አሳደግኩት አሉኝ። ስሟ ደብተሩ ላይ ነበር፣ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳቀናበራት ሁሉ ጽፌያለሁ፣ ደብተሩ ከካሴቶቹ ጋር በካርቶን መጋዘን ነበር፣ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በዛ ጦርነት ከተማው ሲዘረፍ ግን ሱቁም መጋዘኑም ተገለበጠ፣ ካርቶኑ የት እንደደረሰ አላውቅም አሉ። ደብተር ማን ይዘርፋል? ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፣ ተውኩት፣ የሄደባቸው ደብተር ብቻ አይደለም።

«ስሟ ጠፋኝ ልጄ፣ ቁጥሯ ግን 52 ነበረች» አሉኝ። እታለም ከጎናቸው ሆና በኛ ደሴ ፒያሳ 37 ነበረች ብላ ተከራከረቻቸው፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ካርዴ አለቀ።