አንደኛ ያደረገው ማነው?

አቦ ተዉን እስቲ! ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ደህንነታቸው የተረጋገጠ ብሮውዘሮች» የሚል የድረ ገጽ መክፈቻ አፖች ዝርዝር መዞር ጀምሯል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከጎናቸው ኮከብ። ማን ለካው? በምን ለካው? ሒሳቡን የከፈለውስ? ጠያቂ የለም፤ ሁሉም ፎርዋርድ ብቻ ነው።

ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 2011 ማይክሮሶፍት ብሮውዘር የሚመዝን ድረ ገጽ ከፈተ። ለገዛ ልጁ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 ከ4 ነጥብ 4 ደፈነለት። ለክሮም 2.5፣ ለፋየርፎክስ 2 ሰጠ። በዚያው ዓመት ጉግል ለአንድ የደህንነት ኩባንያ ከፍሎ ጥናት አሠራ። ማን አሸነፈ? ክሮም! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ጥናቱ ውሸት ነው አልወጣኝም። ግን ከፋዩ ራሱ ተወዳዳሪ ሲሆን እንዴት አልጠርጥር?

አንዳንዱ ደረጃ አውጪ ደግሞ በየብሮውዘሩ የተገኙ ቀዳዳዎችን፣ ማለትም ሌባ የሚገባባቸውን ስህተቶች፣ ይቆጥራል። ቀዳዳውን ፈልጎ ደፍኖ በግልጽ የሚናገረው ብዙ ይቆጠርበታል። ዝም ያለው ንጹሕ ይመስላል። ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የምትታየውን የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት ነገርማ ተዉት። ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ ከወዲያ ያለው የድረ ገጹ ባለቤት ሌባ መሆን አለመሆኑን አትናገርም። ሰው ስለሚሳሳትባት ጉግል ራሱ በ2023 ከክሮም አድራሻ መጻፊያ ላይ አነሳት።

እኔን ያንገበገበኝ ግን እዚሁ ድሬ ያለው ነው። አክስቴ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ስልክ ገዛች። ሻጩ ልጅ ብሮውዘር ጫነላት። ከፕሌይ ስቶር እንዳይመስላችሁ፤ ዳታ ይበላላ! ከራሱ ስልክ በዜንደር ላከላት። ቤት መጥታ ሴቲንጉን ከፍቼ ቨርዥኑን ባየው ዓመት አልፎታል። አፕዴት የሚወርደው ደግሞ በዋይፋይ ብቻ ተብሎ ተስተካክሏል። ሳቢያን ያለው ቤቷ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። እሷ ደግሞ ከባንክ ነን የሚል ሊንክ ሁሉ ይላክላታል።

ልጁን ሄጄ ብጠይቀው ያችኑ ዝርዝር ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝ።

«አቦ አታካብድ! አንደኛ የወጣው እኮ ነው።»

የወጣው የትኛው ቨርዥን ነው? ያኛው ትኩሱ ነው፤ ይሄ ስሙን ብቻ ይዞ የቀረ ነው። ቀዳዳው ለዓለም ከተነገረ ቆይቷል፤ መድፈኛው ብቻ ነው አክስቴ ጋ ያልደረሰው። ኮከብ አዳዮች፣ እስቲ ደግሞ በዜንደር የተላከውን ለኩልን። ከስሙ ጎን ቨርዥኑን፣ የተለካበትን ቀንና የከፋዩን ስም ጻፉልን። ያለዚያ ለእኔ አትላኩልኝ፣ ዳታዬን አትጨርሱብኝ።