ይሸጥ ወይስ ይክረም?

ድሬዳዋ ውስጥ ያገለገለ ፍሪጅ ሁለት ዋጋ አለው፤ ከጫቱ በርጫ በፊትና ከበርጫ በኋላ። ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ላይ «14 ሺህ ካላችሁ ጫኑት» ሲል የነበረ ባለንብረት፣ 9 ሰዓት ላይ ትራስ ተደግፎ ያንኑ ፍሪጅ 22 ሺህ ያደርሰዋል። ምን ተገኘ ቢሉት መልስ አያጣም፤ ዶላሩ፣ ጅቡቲ፣ ቀይ ባሕር። ፍሪጁ ግን በሩ በገመድ እንደታሰረ እዚያው በረንዳ ላይ ቆሟል።

ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ የሚውሉ አዋቂ ገዢዎች ይህን ሰዓት ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሃራራ የያዘው ሻጭ የጫቱን ሂሳብ ካገኘ አይከራከርም፤ የመረቀነ ሻጭ ደግሞ ጭራሽ አይሸጥም። ስለዚህ ዋጋ የሚቆረጠው ጠዋት ነው፤ ቁርስ ተበልቶ፣ ጫቱ ከአወዳይ ሳይደርስ።

ከምርቃናው የሚብሰው ግን «ይጨምራል» የሚባለው በሽታ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዕቃ ሳይሸጥ የከረመ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቢይ ሆነ። አዲሱ ዕቃ ሲወደድ አሮጌውም ተከትሎ ወጣ። ሰዉ ከዚህ የያዘው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ አትሽጥ። በ18 ሺህ የሸጠው ሰው ምትኩን ልግዛ ሲል 17 ሺህ መባሉን ማንም አያነሳም።

ሂሳቡን እንየው። በ12 ሺህ የተገዛ ፍሪጅ በሁለት ሳምንት በ14 ሺህ ቢሄድ ትርፉ 2 ሺህ ነው። ይኸው ገንዘብ በየሁለት ሳምንቱ ከዞረ በሦስት ወር ስድስት ጊዜ ይዞራል፤ 12 ሺህ ብር ያስገባል። «18 ሺህ ካልሆነ አልሰጥም» ብሎ ሦስት ወር የጠበቀው 6 ሺህ ያገኛል፤ ያውም ከተሸጠለት። ከዚህ ላይ የመጋዘን ኪራይ ይቀነሳል። መጋዘኑ ሳሎን ከሆነ ኪራይ የለም፤ ጭቅጭቅ አለ።

ቆሞ የከረመ ፍሪጅ ደግሞ እንደነበረ አይቆይም። በሩ ተዘግቶ ከቆየ ውስጡ ይሻግታል፤ በድሬ ሙቀት የበሩ ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በበሩ መሃል ጨርቅ ሸጉጦ ገርበብ ማድረግ ግማሹን ችግር ይፈታል። ሲገዛም ሲሸጥም የጎማው ፈተና አንድ ነው፦ የብር ኖት በበሩ ጠርዝ አስገብቶ መዝጋትና መሳብ። ያለምንም ትግል ከወጣ ብርዱም በዚያው ይወጣል። አስተኝተው በባጃጅ ያመጡት ከሆነ ለጥቂት ሰዓታት አቁሞ ማቆየት የግድ ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ሳይመለስ ወዲያው የሰኩት ሰው ገዢው ፊት ኮምፕሬሰር ያቃጥላል። ያን ጊዜ ድርድሩ በኪሎ ይሆናል፤ ተደራዳሪው ቁራሌው።

መያዝ የሚያዋጣ ዕቃ የለም ማለት አይደለም። ቬንትሌተር አለ። በታኅሣሥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ግንቦት ላይ ግን የድሬ ሰው ከዘመዱ ይልቅ ይናፍቀዋል። «ተቃጥሏል» ተብሎ ጥግ ከተጣለው ውስጥ ብዙው አልተቃጠለም። እም... እያለ ካልዞረ፣ በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ግን ከተነሳ፣ የሞተችው ካፓሲተር የምትባለው ትንሽ እቃ ናት። ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ተነቦ እኩያዋ ይገዛል። ከመንኮራኩሩ አቧራና ፀጉር ይጸዳል፣ አክሰሉ ላይ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይደረጋል፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ይተኛል። ይህ ነው መያዝ፤ የሚጠብቁት ቀን የታወቀ ሲሆን።

ጃኬትም እንዲሁ ነው። የልባሽ ልብስ ቦንዳ ሲፈታ የመጀመሪያው ሰዓት የመራጮች ነው፤ ከሰዓት ወዲያ ክምሩ ላይ የቀረው በየሰዓቱ ይረክሳል። ወፍራሙን ካፖርት ግን ድሬ ላይ በግንቦት የሚዘረጋ ሰው ራሱ ሊለካው አይችልም። ወይ ወደ ሐረር ይላካል፣ ከፍታው ይረዳዋል፤ ወይ የታኅሣሡን ቁልቢ ይጠብቃል። ሰው የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ነው ብርድ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ የሚለው። እስከ ታኅሣሥ 19 ዋዜማ ያልተሸጠ ካፖርት በ20 ጠዋት ጨርቅ ነው።

ሲንገር የስፌት መኪናም አይቸኩሉበት። ጥቁሩ የብረት ጭንቅላት እስካልተሰነጠቀ ድረስ ሐረር መኪና ግርግር ያለ ልብስ ሰፊ ዋጋውን ያውቃል።

ሞባይል ግን ዛሬ የተገዛ ነገ ይሸጥ፤ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ይወርዳል፣ በሙቀቱም ባትሪው ያብጣል። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም አይከርምም። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል፤ ገዢም ይህን ስለሚያውቅ ካላየ አይከፍልም። ትርፍ ጠብቀው ባለሆዱን ቴሌቪዥን ያስቀመጡ ሰዎች ጠፍጣፋው መጥቶ ሲያልፍ እያዩ፣ ዛሬም ዳንቴል አልብሰው አበባ አስቀምጠውበታል። ሶፋ ደግሞ የሚይዘው ሰው የእንግዳ ጠላት ይሆናል።

«አቦ፣ ቁጭ በል እንጂ!»

«የቱ ላይ?»

«እዚያ ዱካ ላይ። ሶፋው የሚሸጥ ነው።»

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ዕቃው ሲገዛ ዋጋውንና መሸጫ ቀኑን መጻፍ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በየሁለት ሳምንቱ ከመቶ አሥር መቀነስ። የሚጻፍበት ቦታ ግን ይታሰብበት። ፍሪጅ ጀርባ ላይ በጠመኔ የሚጽፉ አሉ፤ የድሬ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው፣ «በ12 ገዝተህ 18 ትለኛለህ ወሪያ?» ይላል። የአትክልት መሳቢያው ሥር ይሻላል። እዚያ የምትደርሰው የቤቱ እመቤት ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ በ11 ትሸጠዋለች።