መቃብሩ ጠባቂ አለው፣ ጉድባውስ?

እ.ኤ.አ. በ1999 የንግሥተ ሳባ ስም ከናይጄሪያ ጋር ተያይዞ በዜና ሲነሳ ብዙዎቻችን ስቀን አለፍን። ከየመን ጋር ስንከራከርባት የኖርነው አልበቃ ብሎ ደግሞ ናይጄሪያ! እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከዜናው ጀርባ ያለውን ጉድባ ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

ጉድባው ከሌጎስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኢጄቡ ኦዴ ዙሪያ፣ ደን ውስጥ ነው ያለው። ኤሬዶ ይሉታል። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጥንታዊውን የኢጄቡ ግዛት ይከባል። ቀዩን አፈር ቁልቁል ቀጥ አድርገው እየቆፈሩ ወደ ውስጥ በኩል ከምረውታል፤ ከጉድጓዱ ወለል እስከ ክምሩ ጫፍ 20 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በሉት። ከታች ለቆመ ሰው ግራና ቀኙ በእርጥበት አረንጓዴ የለበሰ ግድግዳ ነው፤ ከላይ ዛፎቹ ገጥመው ሰማዩን ይከልሉታል።

አፈ ታሪኩ እንደሚለው ያስቆፈረችው ቢሊኪሱ ሱንግቦ የምትባል ባለጸጋ መበለት ናት። ልጅ አልነበራትም፤ ስሜ አብሮኝ አይቀበር ብላ ነው ይባላል። መቃብሯ ነው ወደሚባለው ቦታ፣ ወደ ኦኬ ኤሪ መንደር፣ በየዓመቱ ተሳላሚ ይጎርፋል። ቢሊኪሱ ደግሞ ዐረቦች ሳባን ከሚጠሩበት ቢልቂስ ጋር ስለሚገጥም ነገሩ እዚያ ደረሰ።

ዘመኑ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የሰሎሞን ዘመን ከክርስቶስ ልደት 900 ዓመታት በላይ ይቀድማል። ጉድባው ቀድሞ እ.ኤ.አ. ከ800 እስከ 1000 ባለው ጊዜ የተሠራ ይመስል ነበር፤ የቅርብ ዓመታት ቁፋሮ ግን ወደ 14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያመጣዋል። እኛ ዘንድ ክብረ ነገሥት በግእዝ የተጻፈበት መቶ ዘመን ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ጉድባውን ያጠናው ብሪታኒያዊ አርኪዮሎጂስት ፓትሪክ ዳርሊንግ የተዛቀውን አፈር 3.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገምቶታል። ይህን ለማዛቅ የአንዲት መበለት ሀብት አይበቃም፤ ሰው ያሰለፈ፣ ስንቅ የሰፈረ መንግሥት ይጠይቃል። ለምን? 160 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዘብ ማቆም የሚሞከር አይደለም። ለእኔ የጦር ምሽግ ብቻ አይመስለኝም፤ መጪው ሁሉ በኬላ በኩል እንዲገባ የሚያስገድድ ድንበርም ነው። ሳባ ስትነሳ ግን ይህ ሁሉ ይረሳል፤ ቆፋሪዎቹማ ከነጭራሹ።

መቃብሩን ምእመኑ ይጠብቀዋል። ጉድባውን መንገድ ይቆርጠዋል፣ እርሻና ቤት ይገፉታል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ብታስገባውም እስካሁን በቋሚው መዝገብ አልሰፈረም። እዚያው፣ ኢጄቡዎችም በሚገኙበት በዮሩባ ሕዝብ ምድር ያለው፣ ኦሱን ለምትባል አምላክ የተቀደሰው የኦሱን ኦሾግቦ ደን እ.ኤ.አ. በ2005 ሰፍሯል፤ ጣዖቷ የምትፈራ ደን ነዋ! የኦኬ ኤሪን ሰዎች እምነታችሁን ተዉ የምል አይደለሁም። በየዓመቱ ከሚመጣው ተሳላሚ ጥቂቱን ወደ ደኑ የሚወስድ አስጎብኚ ይቅጠሩ፤ ከእንግዳው የሚገኘውም ጉድባው ለሚያልፍባቸው መንደሮች የዘበኛ ደመወዝ ይሁን።