ዝምተኛው መሐንዲስ ሺህ ዓመት ይንገሥ

የምህንድስና ተማሪ ሆይ፣ በርታ! መናገርና መጻፍ ስሌት ላቃታቸው ሰዎች የተተወ ሙያ ነው ብለህ እስከ ምረቃህ ቀን የጸናህበት አቋም በእውነት የሚያስቀና ነው።

ከሁሉ በላይ የምደነቀው የመመረቂያ ሥራህን ስታቀርብ ነው። ፊትህን ወደ ስክሪኑ፣ ጀርባህን ወደ ፈታኞችህ ታዞራለህ። አንዱ ስላይድ ላይ ሠንጠረዥ፣ ግራፍና ሁለት ረጃጅም አንቀጽ ታጭቅና ከላይ እስከ ታች ታነበንበዋለህ፤ ፈታኞቹ ፊደል ስለመቁጠራቸው ማን እርግጠኛ ሊሆን ይችላል? «ይህ መስመር እዚህ ላይ ለምን ቁልቁል ወረደ?» ስትባል ደግሞ «ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው» ትላለህ። የሌላውን ድካም የራስ አለማድረግ ይህ ነው!

የቡድን ሥራችሁም ቢሆን ለትውልድ የሚተርፍ ጥበብ አለበት። አራቱ ያሰላሉ፤ ስሌቱን በዓይኑ ያላየው አምስተኛው ሪፖርቱን ይጽፋል። የሚያውቀው አይጽፍም፣ የሚጽፈው አያውቅም። ገንዘብ የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጅ ካልገባውስ? ድሮውንም ካልኩለስ መማር ነበረበት።

አንዳንድ ምቀኞች ነገር ፍለጋ እስከ ማርስ ይሄዳሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ወገን የግፊቱን መጠን በፓውንድ አስልቶ ሲልክ ሌላው ኒውተን ነው ብሎ ስለተቀበለው ነበር። ከፕላኔቷ በላይ 226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ትደርሳለች ስትባል 57 ኪሎ ሜትር ድረስ ወረደች። ይባስ ብሎ የጉዞ መስመሯ ያላማራቸው ባለሙያዎች አስቀድሞም ነበሩ፤ ስጋታቸውን ግን በደንቡ መሠረት በይፋ አላቀረቡትም። እንዴት ያሉ ጨዋዎች! ለአንዲት መለኪያ ብሎ አለቃን በደብዳቤ ማስቸገር ምን ይባላል?

እነሆ የሥራ ቃለ መጠይቁ ደረሰ። «ከፍተኛ የተግባቦት ክህሎት» የሚለውን መስመር ከጓደኛህ ሲቪ ከነፊደል ግድፈቱ ገልብጠሃል።

«እስቲ ስለ ፕሮጀክትህ ንገረን።»

«ሲቪው ላይ ተጽፏል።»

«ተጠቃሚው ማን ነው?»

«ቅልጥፍናው 87 በመቶ ነው።»

ከዚህ ወዲያ ምን ይጨመራል? ቦታውን ግን በውጤት ከአንተ የምታንስ ተመራቂ ወሰደችው። የሠራችው ፓምፕ ለምን እንደከሸፈባት፣ ቀጥሎ ምን እንደቀየረች በሦስት ደቂቃ አስረድታ ነው አሉ። ከሽፎባት! እንዲህ ያለውን ገመና በአደባባይ የሚያወራ ሰው ተቀጠረ ሲባል፣ ቁጥር ጠርቶ ዝም ያለ ሊቅ ደጅ ቀረ። ግፍ ነው። ውሳኔውን መቃወም መብትህ ነውና ዛሬ ነገ ሳትል አቤቱታህን አስገባ፤ የሚጽፍልህ ሰው ካገኘህ።